አያቶቻችን በዐረብኛ ፊደል የጻፉት አማርኛ



ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ አንድ አባት በፌስታል የተጠቀለለ ኪታብ ይዘው ወደ መስጂዳችን መጡ። ወንድማቸው አኼራ ሄደው ዕቃቸው ሲነሣ ከቆጥ ላይ የተገኘ ነው። የቆዳ ሽፋኑ ተቦጫጭቋል፤ የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ምስጥ በልቷቸዋል። «ልጆቹ ዐረብኛ አናውቅም አሉኝ፤ እናንተ ቀርታችኋልና ምን እንደሚል ንገሩኝ» አሉን። እኛም ነሕውና ሶርፍ ስንቀራ ያደግን ነንና በልበ ሙሉነት ከፈትነው። ጽሕፈቱ ጥርት ያለ ነው፤ ሐረካው ሳይቀር ተቀምጧል። ግን አንድም ቃል አልገባ አለን። ፊዕሉን ብንፈልግ የለም፤ ኢዕራቡም አይያዝም። አፍረን ልንመልስላቸው ስንል ከመካከላችን አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ሳቁ። «ይሄማ የእኛው አማርኛ ነው!»

የውዱእ አደራረግ ነበር። ፊት ከየት እስከ የት እንደሚታጠብ፣ ውሃ ምን ሲነካው እንደሚበላሽ፣ በገበሬ አማርኛ የተጻፈ።

እኛ የወሎ ልጆች ነን። ወሎ ሲባል ከተማ ያለ ወጣት ቶሎ የሚመጣለት ቁንጅናው፣ ፍቅሩና የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ነው። ትንሽ ያነበበ ደግሞ ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከእኛው አገር እንደሆነ ይነግራችኋል። (የመስጂድ ሰው ስለ ቅኝት ምን አገባው እንዳትሉን፤ የአገር ስም ነው።) ወሎ የዒልም አገር እንደነበረች ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

የዳዌው ሙፍቲ ዳውድ ኢብን አቢ በክር ባሕር ተሻግረው የመን፣ ዘቢድ ድረስ ሄደው ቀርተው የተመለሱ ዓሊም ነበሩ። ያረፉት በ1819 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዘመን ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥን የትምህርትና የዚክር መናኸሪያ አደረጓት፤ የወሎ የመውሊድ ስብሰባም ከሳቸው ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። (ስለ መውሊድ ያለው ክርክር ሌላ ቦታ አለው፤ እዚህ አንገባበትም።) ቃሉ ውስጥ ጌታን የመሠረቱት ሰይድ ቡሽራ በ1863 እ.ኤ.አ.፣ የጁ ውስጥ ዳናን ያቀኑት ሸይኽ አሕመድ ኢብን አደም ደግሞ በ1903 እ.ኤ.አ. አረፉ። ደረሳው ከአንዱ ሸይኽ ፊቅህ፣ ከሌላው ነሕው እየቀራ አገር ላገር ይዞር ነበር። የሚቀራውንም ኪታብ ራሱ በእጁ መገልበጥ ነበረበት። ዛሬ እኛ በአንድ ንክኪ የምናወርደውን ኪታብ እነሱ በሸምበቆ ብዕር ወራት ፈጅተው ይጽፉት ነበር። ስለዚህ ዘመን በሰፊው ማንበብ የሚፈልግ የታሪክ ምሁሩን የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድን መጽሐፍ ይፈልግ፤ በ1994 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝኛ የታተመ ነው።

በመንግሥት ታሪክም ቢሆን ወሎ ዳር ቆሞ ተመልካች አልነበረም። ከ1786 እስከ 1853 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ንጉሥ የሚሾሙትና የሚሽሩት የየጁ መሳፍንት ቤታቸው «ወረ ሼህ» ይባል ነበር፤ የሼሁ ወገን ማለት ነው። ይህን ይዘው «ጎንደርን ሙስሊሞች ገዝተዋት ነበር» ብለው የሚለጥፉ ወንድሞች አሉ። እንዲያ አይባልም። መሳፍንቱ ሥልጣን ላይ ሲወጡ ክርስትናን ተቀብለዋል። ታሪካችን ሳይጨመርበትም ይበቃናል።

የወይዘሮ ወርቂትን ነገር ብቻ እዩት። እኒህ የወሎ ገዥ ልጃቸው መቅደላ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከዚያው ከመቅደላ አምልጠው የገቡት በወይዘሮ ወርቂት ግዛት ነው። ምኒልክን አስረው ቢመልሱ ልጃቸውን ማስፈታት ይችሉ ይሆናል። ነገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ምኒልክ እሳቸው ዘንድ መግባታቸውን ሲያውቁ በቁጣ ልጃቸውን አስገደሉት። እናት ልጃቸውን አጥተው የሰው ልጅ ወደ ሸዋ ሸኙ። ስለ ዐፄ ምኒልክ ስንማር ይህች ሙስሊም እናት ስንት መስመር ተሰጥቷት ነበር? እኛ የተማርንበት መጽሐፍ ላይ አላየናትም።

ከዚያ ቦሩ ሜዳ መጣ። ከደሴ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ የጠሩት ስለ ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ክርክር ነበር፤ ቀጥሎ ግን የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው እሳቸው ናቸው። አገር የለቀቀ ለቀቀ። የቀረውም ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ዛሬ ወሎ ውስጥ የአንዱ ስም ዓሊ፣ የአያቱ ወልዴ ሆኖ ስታገኙት አትገረሙ። ይህን የምንጽፈው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ክርስቲያን አጎት የሌለው ወሎዬ ጥቂት ነውና በማን ላይ ነው ቂም የምንይዘው?

በዚያን ጊዜ ትእዛዙን አንቀበልም ብለው ከተነሡት አንዱ ሸይኽ ጦልሐ ኢብን ጀዕፈር ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ሕዝብ አስተባብረው በመዋጋታቸው ነው። ለእኛ ግን ከጦሩ ይልቅ ብዕራቸው ይበልጥብናል። ሸይኽ ጦልሐ እስከ 1936 እ.ኤ.አ. ኖረው በአማርኛ መንዙማ ገጥመዋል፤ የጻፉትም በዐረብኛ ፊደል ነው። ይህ አጻጻፍ ዐጀሚ ይባላል። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ የወሎ ዓሊሞች ዐቂዳውንና ፊቅሁን ዐረብኛ ለማያውቀው ገበሬ፣ እረኛና እናት በዚህ መንገድ አደረሱት። እናት ፊደል ባትቆጥርም ግጥሙን በቃሏ ይዛ እየፈጨች ትለዋለች። የቁርአን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ሲታተም አማርኛ ለዲን ያኔ የተጠራ የሚመስለው ሰው አለ። ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ግን አያቶቻችን ተውሒድን በአማርኛ ይቀሩ ነበር። (ሐረሮች በገዛ ቋንቋቸው ዐጀሚ በመጻፍ ቀድመውናል፤ ሐቁን መሸሸግ አይገባም።)

ዐጀሚ ማንበብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዐረብኛ ሦስት ሐረካ ነው ያለው፤ አማርኛችን ሰባት ድምፅ አለው። ለጠ «ጧ» አለ፣ ለቀ «ቃፍ» አለ። ለጨ፣ ለቸ፣ ለኘ ግን ፊደል የለም። አንዱ ሸይኽ ነጥብ ይጨምራል፤ ሌላው የሚቀራረበውን ፊደል ያስገባና ለአንባቢው ይተወዋል። ስለዚህ ዐረብኛ ብቻ የሚያውቅ አያነበውም፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅም አያነበውም። ሁለቱን ይዞ የአገሩንም አነጋገር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ እንዲህ ያሉት ደግሞ በየዓመቱ እያረፉብን ነው። ኪታቡ ግን ቆጥ ላይ ይቀመጣል። ዝናብ ያገኘዋል፣ ምስጥ ያገኘዋል፤ «አሮጌ ወረቀት» ተብሎም ይጣላል። በጥቂት ብር ገዝቶት የሚሄድ እንግዳም አለ።

ለዒድ አገር ቤት ስትሄዱ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ሳጥን ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ ከሟች ዕቃ መካከል ፈልጉ። ስታገኙት አትሽጡት፣ ገጹንም አትገንጥሉ። ብርሃን ባለበት በስልካችሁ ገጽ በገጽ አንሡትና እዚያ አካባቢ ላሉ ሸይኽ አሳዩ። ሽማግሌ ካለ ደግሞ እሱ እያነበበ ድምፁን ቅዱት።

እኛም የሽማግሌውን ኪታብ እንዲሁ አንሥተነዋል። ኪታቡን ለመስጂዱ አልሰጡትም፤ «ከቤት አይወጣም» ብለው በዚያው ፌስታል ይዘውት ሄዱ። ማታ ማታ ከዒሻ በኋላ ከፎቶው ላይ እናነባለን። ባለፈው ሳምንት አንድ ቃል ላይ ቆምን። ውዱእ ከማድረግ በፊት ከጥፍር ሥር «ጂቃ» ይጥረግ ይላል። «ጂቃ» ምንድን ነው? ቃሙስ አገላበጥን፣ የለም። ከኦሮምኛ ይሆናል ያለም ነበር። በመጨረሻ ስልክ ደወልንላቸው።

«ልጆቼ፣» አሉ፣ «አርሳችሁ አታውቁም እንዴ? ጭቃ ነው እኮ።»