የክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ እንዲሠሩ የሚደረግበት አሠራር

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ፕሮግራመሩ የጻፈው ምንጭ ኮድ ለተጠቃሚው ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ይህን ኮድ ፕሮሰሰሩ ወደሚረዳው ትዕዛዝ የሚቀይረው ኮምፓይለር የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ በትክክል የተገነባ ኮድ በሌላውም ላይ ይገነባል ማለት አይደለም። ይህን ማረጋገጥ ራሱን የቻለ የዘወትር ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 በኢያን መርዶክ የተመሠረተው የዴቢያን ፕሮጀክት በዚህ ረገድ በምሳሌነት ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው 13ኛ እትሙ ለሰባት የፕሮሰሰር ዓይነቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሪስክ-ፋይቭ የተባለው ዓይነት በይፋ የተካተተው በዚሁ እትም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አዲስ ምንጭ ኮድ ሲገባ ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት የተመደቡ ኮምፒዩተሮች ያለ ሰው እጅ ይገነቡታል። ቀድሞ ይገነባበት በነበረ በአንዱ ላይ እንኳ ካልተሳካ፣ በደንቡ መሠረት እክሉ እስኪወገድ ድረስ ለቀጣዩ እትም ወደሚዘጋጀው ስብስብ አያልፍም።

ከእክሎቹ መካከል አሳሳቹ ግንባታውን የማያስቆመው ነው። በሲ ቋንቋ አንድ ፊደል ለመያዝ የሚያገለግለው የመረጃ ዓይነት አሉታዊ ቁጥር ይያዝ ወይም አይያዝ ለኮምፓይለሩ የተተወ ነው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ በተለምዶ ይይዛል፤ በሊኑክስ በሚሠሩ የኤአርኤም ፕሮሰሰሮች ላይ ግን አይይዝም። በመሆኑም «ከዜሮ ካነሰ ስህተት አለ» ብሎ በዚህ የመረጃ ዓይነት የሚፈትሽ ፕሮግራም በመጀመሪያው ላይ ስህተቱን ሲይዝ፣ በሁለተኛው ላይ ሳያይ ያልፋል። ግንባታው ስለተሳካ ብቻ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት የማይቻለውም ለዚህ ነው፤ የፕሮግራሙ ፍተሻዎች በየፕሮሰሰሩ ዓይነት ላይ መካሄድ አለባቸው።

ኮምፓይለሩም በበኩሉ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የወጣው ጂሲሲ 14 ሳይታወጁ የሚጠሩ ፈንክሽኖችን ከማስጠንቀቂያ አልፎ በስህተትነት መቁጠር ጀመረ። ልማዱን የሲ ቋንቋ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 ያስቀረው ቢሆንም፣ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በትዕግሥት ሲታለፍ ቆይቷል። በዚህ ሳቢያ መገንባት ያቆሙ የቆዩ ፕሮግራሞች ስህተታቸው በግልጽ ስለሚታይ ይታረማሉ። ይበልጥ የሚያሰጋው ከግንባታ በፊት የኮምፒዩተሩን አቅም የሚመረምሩት አነስተኛ የሙከራ ኮዶች በአሮጌው ልማድ የተጻፉ ሲሆኑ ነው። ሙከራው በአጻጻፉ ምክንያት ሲወድቅ ኮምፒዩተሩ አገልግሎቱ እንደሌለው ይቆጠርና፣ ፕሮግራሙ አንድ ክፍሉ ጎድሎ ያለ አንዳች የስህተት መልዕክት ይገነባል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅርብ የሆነው ጉዳይ የጊዜ አቆጣጠር ነው። ባለ 32 ቢት የሊኑክስ ሥርዓቶች ጊዜን እ.ኤ.አ. ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ሲቆጥሩ የኖሩ ሲሆን፣ ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 19 ቀን 2038 ከተመደበለት ቦታ በላይ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚውል የጡረታ መውጫ ወይም የሊዝ ማብቂያ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ችግሩ ዛሬውኑ ሊያጋጥመው ይችላል። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2024 ለባለ 32 ቢት የኤአርኤም ፕሮሰሰሮች የጊዜውን ቁጥር ወደ 64 ቢት የማሳደግ ሥራ አካሂዷል። የቁጥሩ ስፋት ሲለወጥ እርስ በርስ የሚጠራሩ ላይብረሪዎች ስለማይግባቡ፣ ለውጡ የሚነካቸው ሁሉ በአንድነት እንደገና መገንባት ነበረባቸው። ባለ 32 ቢት የኢንቴል ዓይነት ኮምፒዩተሮች ግን ቀድሞ የተገነቡ ፕሮግራሞች መሥራት እንዳያቆሙ ሲባል ከለውጡ ውጭ ተደርገው በነበሩበት ቀርተዋል።