የደጋ አጋዘንና የቀንዱ ነገር

የአርሲና የባሌ ደገኛ ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው የኖረውን የደጋ አጋዘን፣ በሌላ ስሙ ኒያላን፣ የአውሮፓ የእንስሳት ሊቃውንት የተረዱት እጅግ ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለው ደጋ ገደለው። ናሙናው ለንደን ደርሶ፣ ሪቻርድ ሊደከር በ1910 መርምሮ በአዳኙ ስም ሰየመው። ሲያውቀው በኖረው ሳይሆን በገደለው ሰው ስም መጠራቱ ያስገርማል።

ከዚያ ወዲህ ቀንዱ የአዳኞች ምኞት ሆነ። ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ ሲለካም ሜትሩ ጠመዝማዛውን ተከትሎ ከሥሩ እስከ ጫፉ ይዘረጋል፤ የሥሩ ዙሪያም ይመዘገባል። ነገር ግን ርዝመት ብቻውን ያሳስታል። የሸመገለው ወንድ የቀንዱ ጫፍ ተፍቆ ስለሚያጥር፣ ረጅሙ ቀንድ ገና በሙሉ ጉልበቱ ያለውና ዘር የሚተካው ወንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው አዳኝ ከቀንዱ አስቀድሞ ገላውን ይመለከታል፤ ዕድሜው የገፋው ጠቆር ብሎ፣ አንገቱም ወፍሮ ይታያልና። ይህን ለመለየት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጉም በለበሰ የአስታ ጫካ ውስጥ ግን ጊዜ አይገኝም።

ሌዝሊ ብራውን በ1960ዎቹ ያደረገውን ጥናት ተከትሎ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ፤ በዲንሾ ዙሪያም አጋዘኑ ተበራከተ። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ግን የፓርኩ ንብረት ተዘረፈ፤ ብዙ አጋዘንም ተገደለ። ያን ጊዜ የቀንድ ርዝመት የጠየቀ አልነበረም።