ከጓዳ የሚሠሩት

እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካው ቦርላንድ ኩባንያ «ሳይድኪክ» የተሰኘ ፕሮግራም ለገበያ አቀረበ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሁለት ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫን የሂሳብ ማሽንና የማስታወሻ ደብተር ስክሪኑ ላይ ዱብ ይሉለታል። ሲጨርስ ይሰወሩና ደብዳቤው ካቆመበት ይቀጥላል። የዘመኑ ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት ሥርዓት፣ ዶስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያሠራ ነበርና ነገሩ ተአምር መሰለ።

ሳይድኪክ የሚሰወረው ግን ከስክሪኑ እንጂ ከሜሞሪው አልነበረም። ጓዳ ተቀምጦ፣ ቁልፍ በተነካ ቁጥር የተጠራው እሱ መሆን አለመሆኑን ያደምጣል። በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ ደግሞ ለዶስና ለፕሮግራሞቹ ሁሉ የተወላቸው ቦታ ቢበዛ 640 ኪሎባይት ነው። የማውሱ፣ የኔትወርኩና የፕሪንተሩ ረዳቶች ሁሉ ከዚያችው ይቆርሳሉ፤ ዋናው ሥራ ሲመጣ የሚተርፈው ፍርፋሪ ይሆናል።

የኮምፒውተሮቹ ባለቤቶች መላ አበጁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነበውን «ኦቶኤግዜክ.ባት» የተባለ ፋይል ከፍተው፣ ከማይፈልጉት መስመር ፊት «ሬም» የምትል ቃል ይጽፋሉ። ማሽኑ መስመሩን እንደ ተራ ማስታወሻ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ አለ፣ ግን አይጠራም። በ1991 የወጣው ዶስ 5 ረዳቶቹን ከ640 በላይ ወዳለው ክፍት ቦታ ማዛወር አስቻለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዶስ 6 ይህን ድልድል በራሱ የሚሠራ «ሜምሜከር» ይዞ መጣ። ያ ትውልድ እያንዳንዷ ኪሎባይት የት እንደገባች ያውቅ ነበር፤ ይህ ሊከበር የሚገባው እውቀት ነው።

ከጓዳ የሚሠራ ፕሮግራም ከቤት ኮምፒውተር ይቀድማል። በ1963 በኤምአይቲ የፕሮጀክት ማክ ባለሙያዎች፣ ማንም ሳያዛቸው የሚሠሩትን ፕሮግራሞች «ዲመን» አሏቸው፤ ስሙን የወሰዱት የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በሐሳቡ ከፈጠረው፣ የጋዝ ቅንጣቶችን ሳይታክት ከሚለየው ጋኔን ነው። የመጀመሪያው ዲመን ሥራም ፋይሎችን በቴፕ መገልበጥ ነበር።

በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ብዙ ፕሮግራሞችን አብሮ ማሠራት ተራ ነገር ሆነ። ችግሩም መልኩን ለወጠ። አዲስ የተጫነ ፕሮግራም ሁሉ፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት እያለ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ራሱን ያስመዘግባል። ከሰዓቱ አጠገብ ትንንሽ ምልክቶች ይደረደራሉ፤ ማሽኑም ይንቀራፈፋል።

ጓዳውን ወለል አድርጎ የከፈተው ታስክ ማናጀር ነው። የማይክሮሶፍት ባልደረባ የነበረው ዴቭ ፕለመር ቤቱ ውስጥ በትርፍ ጊዜው ጻፈው፤ በ1996 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4 ጋር ወጣ። የትኛው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን እንደያዘ፣ የትኛው ሜሞሪውን እንደበላ በቁጥር ያሳያል፣ አልንቀሳቀስ ያለውንም ያስቆማል። በ2012 በዊንዶውስ 8 ላይ የማስነሻ ዝርዝርም ታከለለት፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን አነሳስ ምን ያህል እንደሚያዘገይ ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ እያለ ይናገራል። ተጠቃሚው አንዱን መርጦ ሲያግደው ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ በሬም ዘመን እንደነበረው ዲስኩ ላይ ሆኖ ጥሪ ይጠብቃል።