የጋሪ ፈረስ ቁስልና ሰማያዊው ቀለም

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ቢሾፍቱንና ሞጆን ሲያልፍ ጭነት የሚጠብቁ የጋሪ ፈረሶችን ማየቱ አይቀርም። ባጃጅ ገበያቸውን ቢሻማም እህሉን፣ ሲሚንቶውን፣ የውሃ ጀሪካኑን ዛሬም ያመላልሳሉ። ጠጋ ብሎ ያያቸው ሰው ከአንዳንዶቹ እግር ወይም ደረት ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ያገኛል። ከፊሎቹ ፈንድተው መግል ያዥባቸዋል።

የእንስሳት ሐኪሞች ይህን በሽታ ኢፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይትስ ይሉታል። አምጪው ሂስቶፕላዝማ ፋርሲሚኖሰም የተባለ ፈንገስ ነው። አፈር ውስጥ ይኖራል፤ የጋሪ ዕቃ በላጠው ቆዳ በኩል ይገባል፤ ከዚያም የሊምፍ ሥርን ተከትሎ ይወጣል። ዝንብ ደግሞ ከቁስል ወደ ቁስል ያደርሰዋል። ጎበና አመኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶች ተመርምረው 18.8 በመቶዎቹ ታመው ተገኝተዋል። ከሁሉም የከፋችው ሞጆ ነበረች። ሞቅ ያለው መካከለኛ ከፍታ ለፈንገሱ ሲስማማው ብርዳማው ደጋ ግን አልተመቸውም።

መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም። አምፎቴሪሲን ቢ እና የአዮዳይድ ውህዶች ይታወቃሉ፤ እብጠቱን በቀዶ ጥገና ማውጣትና በአዮዲን ማጠብም አለ። ችግሩ ሌላ ነው። መርፌው ውድ ነው፣ ሕክምናው ሳምንታት ይወስዳል፣ ፈረሱ ካልሠራ ደግሞ ባለጋሪውም ፈረሱም አይበሉም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፈረሱ ከነቁስሉ ይሠራል፤ መሥራት ሲያቅተው አስፋልት ዳር ይለቀቃል።

እንዲህ ላለው ቁስል፣ ቢያንስ ለጀማሪው፣ በብርሃን የሚነቃ መድኃኒት ሊሞከር ይገባል።

ሐሳቡ የተወለደው ሙኒክ ውስጥ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ በሄርማን ፎን ታፓይነር ቤተ ሙከራ አክሪዲን የተባለ ቀለም ባለአንድ ሕዋስ ነፍሳትን እንዴት እንደሚገድል ይመረምር ነበር። ያው ቀለም በያው መጠን አንድ ቀን ቶሎ ይገድላል፣ ሌላ ቀን ይዘገያል። ራብ ምክንያቱን ሲፈልግ ያገኘው የመስኮቱን ብርሃን ነው። ቀለሙ ብቻውን ብዙም አይጎዳም፤ ብርሃኑም ብቻውን አይጎዳም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ነፍሳቱ ያልቃሉ። ታፓይነርና ባልደረቦቹ ቆይተው ሦስተኛ ተካፋይ መኖሩን ደረሱበት፤ ኦክስጅን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀለሙ በፈንገሱ ሕዋስ ላይ ይለጠፋል ወይም ወደ ውስጥ ይገባል። የሚስማማው ብርሃን ሲያርፍበት ጉልበቱን ይቀበልና አጠገቡ ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል። ኦክስጅኑ ሲንግሌት ኦክስጅን ወደሚባል ቁጡ መልክ ይለወጣል። ዕድሜው እጅግ አጭር፣ የሚጓዘውም ርቀት ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ስለሆነ የሚያጠቃው ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። የተለመዱት የፈንገስ መድኃኒቶች፣ ፍሉኮናዞልና ዘመዶቹ፣ በፈንገሱ ውስጥ አንድ ኢንዛይም ላይ ያነጣጥራሉ፤ ያ ኢንዛይም በሚውቴሽን ከተለወጠ መድኃኒቱ ከንቱ ይሆናል። ሲንግሌት ኦክስጅን ግን የሕዋሱን ሽፋን፣ ፕሮቲኑንና ዲኤንኤውን አንድ ላይ ስለሚመታ ፈንገሱ በቀላሉ አይለምደውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አሳሳቢ ብሎ ከዘረዘራቸው 19 ፈንገሶች መካከል የሂስቶፕላዝማ ወገን እንዳለበት ሲታሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከቀለሞቹ ሁሉ ለእኛ አገር የሚቀርበው ሜቲሊን ብሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 የተሠራው ለጨርቅ ማቅለሚያ ነበር፤ በ1891 ፖል ኤርሊክ ለወባ ሕሙማን ሰጠው። ወባን በደንብ ለሚያውቁት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም። ዛሬም የቲቢ አክታ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር የላብራቶሪ ባለሙያ ይህን ሰማያዊ ቀለም ያውቀዋል፤ ቀዩን የቲቢ ባክቴሪያ ከዳራው የሚለየው እሱ ነውና። የሚነቃው በ660 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ቀይ ብርሃን ነው። ይህን ብርሃን ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ይሰጣል፤ የአዳማ ፀሐይም በውስጧ ይዛዋለች።

በሰው ላይ ተሞክሯል። በብራዚል ክሮሞብላስቶማይኮሲስ የተባለ ግትር የቆዳ ፈንገስ የያዛቸው 10 ሕሙማን በሜቲሊን ብሉና በቀይ ብርሃን ታክመው ቁስላቸው በእጅጉ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቧል። ለጥፍርና ለአፍ ፈንገስም ሐኪሞች ሞክረውታል። አሥር ሰው ግን አሥር ሰው ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ተአምር ማወጅ አይቻልም።

ፈረሱ ጋ ሲመጣ ደግሞ እንቅፋቱ ይበዛል። ቀይ ብርሃን ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ጸጉር ይጋርደዋል፤ ጥቁር ቆዳ ከፊሉን ይውጠዋል፤ መግል ካልታጠበ ጭራሽ አያልፍም። ፈንገሱ በእንስሳው ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ስለሚደበቅ ቀለሙ እዚያ ድረስ መግባት አለበት። ቆዳ ሥር ጠልቆ በሊምፍ ሥር የተሰለፈውን እብጠት፣ ሳንባ የደረሰውንም፣ ብርሃን አይደርስበትም። ስለዚህ ተስፋው ያለው ገና በፈነዳውና ተላጭቶ በታጠበው ቁስል ላይ ነው፤ ዓላማውም ፈረሱን ሙሉ በሙሉ ከመፈወስ በፊት ዝንብ የሚሸከመውን ተውሳክ መቀነስ ነው። ለእኔ ይህም ብቻ ቢሳካ በሞጆ ትልቅ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ በብርሃን የሚነቃ ንጥረ ነገር በየጓሯችን አለ። ጤና አዳም ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች አሉት፤ ጭማቂው የነካው እጅ ፀሐይ ላይ ከዋለ ውሃ ሊቋጥር የሚችለው በእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዳንየልስ የተባለ ተመራማሪ እንዲህ ያሉ ውህዶችን ለመለየት ቀላል ፈተና አወጣ። ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ በሁለት ሳህኖች ላይ ይዘራል፣ ውህዱ የተነከረበት ቁራጭ ወረቀት ይቀመጥበታል፣ አንዱ ሳህን ብርሃን ላይ፣ ሌላው ጨለማ ውስጥ ይውላል። ብርሃን ባገኘው ብቻ በወረቀቱ ዙሪያ ፈንገስ ያልበቀለበት ክብ ከታየ መልሱ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ፈተና በሜቲሊን ብሉና በካንዲዳ ፋንታ በፈረሱ ፈንገስ በቢሾፍቱ ሊሠራ ይችላል። እዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አሉ፤ አምፖሉን ለመሥራት የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም። ባለጋሪዎች ግን የላብራቶሪ ቀለም ገዝተው ፈረሳቸውን እንዳይቀቡ አደራ፤ ለማቅለሚያ የሚሸጠው ለመድኃኒት የተጣራ አይደለም። ተመራማሪዎቹም ትዕግሥት ይያዙ፤ ከሞጆ ፈረስ የተወሰደው ፈንገስ ሳህን ላይ ለመብቀል ከ2 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል።