ሁለት ስም የነበራት መምህርት

ካሮሊን ሃይልብረን ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ታስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም "አማንዳ ክሮስ" ነው። አማንዳ ማለት እሷው ካሮሊን ናት!

ለምን ተደበቀች? ቋሚ መምህርነቷ ገና አልጸደቀላትም ነበር። የወንጀል ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ደግሞ እንደ ቁም ነገረኛ ምሁር አይታይም፤ ሴት ስትሆን ይብሳል። ቢታወቅባት እንጀራዋን ልታጣ ትችላለች።

እኔን የገረመኝ ግን ከክፍሏ ርቃ አለመሄዷ ነው። መርማሪዋ ኬት ፋንስለር የሥነ ጽሑፍ መምህርት ናት። በመጀመሪያው መጽሐፍ የምትገደለው የኬት ተማሪ ነች። ፍቅርም አለ፦ በምርመራው የሚያግዛት የዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሰው፣ ሪድ፣ በኋላ ባሏ ይሆናል።

ካሮሊን በትምህርት ክፍሏ ቋሚ መምህርነት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ምስጢሯን ያወጣው አንድ አንባቢ ነው፤ የቅጂ መብት መዝገብ አገላብጦ ደረሰባት። በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ ግን የደበቃት ፍርሃት ብቻ እንዳልነበረ ጻፈች፤ የብዕር ስሙ ሌላ ሴት ሆና የምትኖርበት ቦታ ሰጥቷት ነበር።

ፈተና አርማችሁ ማታ ማታ በድብቅ የምትጽፉ የሙያ ጓደኞቼ፣ ስም ቀይራችሁም ቢሆን ጻፉ። ቀድማችሁ ግን እሷን አንብቡ።