ከአንድ አምባ ወደ አራት ቤት

በለንደን ከተማ በአንድ ቀን ተዞረው የሚያልቁ አራት ቤቶች አሉ፤ ሦስቱ ቤተ መዘክር፥ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከኢትዮጵያ የሄደ ምእመን በጧት ተነሥቶ ቢዞራቸው፥ በመቅደላ አምባ በአንድነት የነበረው ንብረት ለአራቱ ተከፍሎ እንደ ደረሳቸው ያስተውላል።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ለማክበር አስበው መጻሕፍትንና ንዋየ ቅድሳትን ሰብስበው ነበር። እውነቱን ሳይሸሽጉ ለመናገር፥ ከዚህ ብዙው በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በግድ የተወሰደ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በፋሲካ ማግስት፥ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ ወታደሮቹም ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በረበሩ። ምርኮው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተሻገረ፤ በዚያም ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ዋናው ገዢ ነበረ።

መንገደኛው ቀኑን በቼልሲ ካለው የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ቢጀምር መልካም ነው። በዚህ ቤት ከንጉሡ ሬሳ የተቈረጠ ጠጕር ለ60 ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ግን ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቤት ትምህርቱ፥ ልብ ካለ መመለስ የሚቻል መሆኑ ነው።

ከዚያ በእግር ወደ ቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይደረሳል። በ18ኛው ምዕት ዓመት የተሠሩት የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋዕ የዚህ ቤት ይዞታ ናቸው፤ አክሊሉን እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጡት ይገመታል። የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል ባለጥልፍ ቀሚስም አለ፤ እቴጌይቱ ግን ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ዐርፈው በጨለቆት ተቀብረዋል። ለቅዳሴ የተሠራው ጽዋዕ በዚህ የጥበብ ዕቃ ተብሎ ተመዝግቧል።

ሦስተኛው ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ወደ 350 የሚጠጉ የመቅደላ ብራናዎች በዚያ ይገኛሉ። መጽሐፍ በባዕድ ቤትም ቢሆን ለአንባቢ ይገለጣልና፥ ብዙ ሊቃውንት ተጠቅመውባቸዋል። ከእነርሱ መካከል ክብረ ነገሥት፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት ጽፈው ስለ ጠየቁ ተመልሶላቸዋል።

አራተኛው፥ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ የሚገኘው፥ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። በዚህ ቤት 11 ጽላት አሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም፤ የቤቱ ሹማምንትና አዋቂዎች እንኳ አያዩአቸውም። ቤተ መዘክር የሚሠራው ለማሳየትና ለማስጠናት ነው፤ ለእነዚህ ግን በተዘጋ ክፍል ሸፍኖ መጠበቅን መረጠ። ይህም አክብሮት የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ዕቃው የቤተ መዘክር ዕቃ እንዳልሆነ ቤቱ ራሱ መመስከሩ ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን አይቶ ወርቁን እንደሚፈልግ፥ መንገደኛውም በቀትር ያየው ወርቅ ሰም እንደ ነበረ በዚህ ያውቃል።

ቤቱ ንብረቱን እንዳይሰጥ የሚከለክለው በ1955 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ነው ይባላል። ነገር ግን በዚያው ሕግ፥ ለስብስቡ የማይስማማና ቢወጣ የተማሪዎችን ጥቅም የማይጎዳ ዕቃ ሊሰናበት ይችላል የሚል አንቀጽ አለ። ማንም ተማሪ ሊያየው የማይችለው ጽላት ቢመለስ የሚጎዳው ተማሪ ማን ነው? በኤዲንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የተገኘው የመቅደላ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ተመልሶ፥ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል።

መንገደኛው በመሸ ጊዜ ጽላቱን ሳያይ ይወጣል። በአገሩም ቢሆን ታቦትን አያይም፤ በዚህስ አያዝንም። በአገሩ ግን ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ ቅዳሴውን ይሰማል፤ ከመንበሩም ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። ጽላት የሚባረከው ሊሠዋበት ነው፤ በዚያ በተዘጋው ክፍል ግን ካህን አይቀድስም፥ ሕዝብም አይቆርብም። ጒድለቱ አለመታየታቸው ሳይሆን አገልግሎታቸው መቋረጡ ነው።