የፍሮይደንሽታት አውራጃና የሻቬ ጽዮን መሥራቾች



ከናሃሪያ ወደ አኮ በሚወስደው መንገድ ስትጓዙ፣ በስተምዕራብ በባሕሩ ዳር ሻቬ ጽዮን የሚባል ሞሻቭ አለ። ትርጉሙ «ወደ ጽዮን ተመላሾች» ማለት ነው። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ የመጡት በደቡብ ጀርመን ከምትገኝ ሬክሲንገን ከምትባል የገጠር መንደር ነው። በቅርቡ ለገባችሁ ቤተሰቦች ታሪካቸው ይጠቅማል ብለን ስላመንን፣ ከአገሩ አቀማመጥ ጀምረን በአጭሩ እንነግራችኋለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሬክሲንገን ዛሬ የምትገኘው በባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር፣ በፍሮይደንሽታት አውራጃ ነው። የአውራጃው ስፋት 870 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ነዋሪው ወደ 120 ሺህ ይጠጋል። ምዕራቡ «ጥቁር ደን» የሚባለው ተራራማ አገር ነው። ዝናብና በረዶ የሚበዛበት፣ ጥድ የሸፈነው ደጋ ነው። የሙርግና የኪንጺግ ወንዞች ከዚያ ተነሥተው ወደ ራይን ይወርዳሉ። የድሮ ሰዎች ግንድ እየቆረጡ በወንዝ ላይ በማንሳፈፍ እስከ ሆላንድ ድረስ ይሸጡ ነበር። ምሥራቁ ግን ዝቅ ያለና ለእርሻ የተመቸ ነው። በዚያ በኩል የኔካር ወንዝ በሆርብ ከተማ ያልፋል፤ ሬክሲንገንም በሆርብ አጠገብ ናት።

የአውራጃው ዋና ከተማ ፍሮይደንሽታት የተቆረቆረችው በ1599 በቩርተምበርግ መስፍን በፍሪድሪክ 1ኛ ትእዛዝ ነው። ስሟ «የደስታ ከተማ» ማለት ነው። ከመጀመሪያ ነዋሪዎቿ መካከል የብር ማዕድን ቆፋሪዎችና በሃይማኖታቸው ምክንያት ከኦስትሪያ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በዚያው በቩርተምበርግ ግን አይሁድ እንዳይኖሩ ከ1498 ጀምሮ በሕግ ተከልክሎ ነበር።

ታዲያ አይሁድ በሬክሲንገን እንዴት ሊኖሩ ቻሉ? ምክንያቱ ወሰን ነው። በዚያን ዘመን አገሩ ለብዙ ገዥዎች የተከፋፈለ ነበር። ሆርብን የኦስትሪያ ነገሥታት ይገዟት ነበር፤ ሬክሲንገን ደግሞ የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች በሚባል የክርስቲያን ማኅበር እጅ ነበረች። እነዚህ ጌቶች አይሁድ ግብር እየከፈሉ እንዲቀመጡ በ17ኛው መቶ ዓመት ፈቀዱ። በእግር ጥቂት ሰዓት በሚያስኬድ ርቀት ውስጥ አንዱ ቦታ የተከለከለ፣ ሌላው የተፈቀደ ነበር።

መኖሪያ ቢፈቀድላቸውም ርስት አልነበራቸውም። ስለዚህ ብዙዎቹ በከብት ንግድ ተሠማሩ። ርስት መከልከል ሰውን ወደ ምን እንደሚገፋው በጎንደር የኖሩ አባቶቻችንም ያውቁታል፤ ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠርተው ኖረዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሬክሲንገን ወደ ቩርተምበርግ ግዛት ተጠቃለለች። በ1837 አይሁዶቹ የድንጋይ ምኵራብ ሠሩ፤ በመቶ ዓመቱ አጋማሽም ቁጥራቸው ከ400 በላይ ደረሰ። ሙሉ የዜግነት መብት ያገኙት በ1864 ነው።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ያ መብት ሁሉ ይገፈፍ ጀመር። ከሬክሲንገን ሰዎች ብዙዎቹ በየፊናቸው ወደ አሜሪካና ወደ ሌላም አገር ሄዱ። ከፊሎቹ ግን አብረው ለመውጣት ተማከሩ። በ1938 መጀመሪያ ተነሥተው፣ አፕሪል 13 ቀን 1938 ሻቬ ጽዮንን መሠረቱ። ዘመኑ የእንግሊዝ አስተዳደርና የሁከት ጊዜ ስለነበረ፣ እንደ ሌሎቹ አዲስ መንደሮች አጥሩና የመጠበቂያው ማማ በአንድ ቀን ቆመ። መሬቱና ሥራው የጋራ፣ ቤትና ማጀት የየቤተሰቡ ሆነ። የከብት ነጋዴ የነበሩት ሰዎች እርሻና ወተት ላም እርባታ ተማሩ።

የቀሩትስ? በኖቬምበር 1938 የሬክሲንገን ምኵራብ ውስጡ ተቃጠለ። ከዲሴምበር 1941 እስከ 1942 ድረስ በመንደሩ የቀሩት ከመቶ በላይ አይሁድ ወደ ሪጋ፣ ወደ ኢዝቢጻና ወደ ቴሬዚየንሽታት ተጋዙ፤ በሕይወት የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። በአንዱ መንደር ውስጥ ወጥተው የዳኑትና ሳይወጡ የቀሩት ዘመዳሞች ነበሩ።

የፍሮይደንሽታት ከተማም በአፕሪል 1945 በጦርነቱ ተቃጥላ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠራች። ምኵራቡ ከ1952 ጀምሮ የፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሆርብ ራሷን የቻለች አውራጃ ነበረች፤ በ1973 በተደረገው የአስተዳደር ለውጥ አውራጃነቷ ቀርቶ ሬክሲንገንም ወደ ፍሮይደንሽታት አውራጃ ተዛወረች። ከሺህ በላይ መቃብሮች ያሉበት የአይሁድ መካነ መቃብር ግን ዛሬም በመንደሩ አለ።

ውድ ቤተሰቦች፣ የወረዳና የአውራጃ ስም በመንግሥት ለውጥ ሲቀየር በእኛም አገር አይተናል። ልጆቻችሁ ነገ የአያቶቻቸውን መንደር በካርታ ላይ ፈልገው ላያገኙት ይችላሉ። የሻቬ ጽዮን ሰዎች ለሬክሲንገን ሙታን መታሰቢያ አቁመዋል። እናንተም አዛውንቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ የመንደሩን ስም፣ የወንዙን ስም፣ የጸሎት ቤቱን ቦታና የቄሶቹን ስም፣ በሱዳን መንገድ የቀሩትንም ዘመዶች ስም አንድ በአንድ መዝግቡ። አንድ ደብተርና አንድ የሰንበት ማግስት ምሽት ለመጀመር ይበቃል።